ስኳር ሲቀር ክብደት ለምን ይለዋወጣል?

ባሕር ዳር፦ ልምድ ያለው የከብት ነጋዴ የበሬን ሆድ ብቻ አይቶ ዋጋ አይቆርጥም። ሆዱ የሞላው በውኃና በጭድ ሊሆን እንደሚችል ስለሚያውቅ ወገቡን ይዳስሳል፤ ጎድኑን በጣቱ ጫን ብሎ ይፈትሻል፤ ሻኛውን ይመለከታል። ጨው ልሶ ውኃ የጠጣ በሬ ጠዋት ከብዶ ማታ ሊቀል እንደሚችል በገበያ ውስጥ የኖረ ሰው ሁሉ ያውቃል።

ይህ ዕውቀት ግን ነገሩ ወደ ራስ ክብደት ሲመጣ ብዙ ጊዜ ይዘነጋል። ለጤናው ሲል ስኳር ያቆመ ሰው በመጀመሪያው ሳምንት ሚዛን ላይ ወጥቶ ሁለት ኪሎ ግራም ቀንሶ ሲያገኘው ይደሰታል። በሦስተኛው ሳምንት ቁጥሩ ባለበት ሲቆም፣ አልፎም ግማሽ ኪሎ ሲጨምር፣ ልፋቱ ሁሉ ከንቱ የቀረ ይመስለውና ወደ ቀድሞ ልማዱ ይመለሳል። የመጀመሪያው ደስታም ሆነ የኋለኛው ተስፋ መቁረጥ ምንጩ አንድ ነው፤ ሚዛን ስብን፣ ውኃንና በሆድ ውስጥ ያለን ምግብ ለይቶ አይናገርም።

ስኳር ማቆም ክብደት ይቀንሳልን? በአብዛኛው አዎ። ነገር ግን የሚቀንሰው መጠን ብዙዎች ከሚጠብቁት ያነሰ፣ ጊዜውም የረዘመ ነው። ውጤቱን በእጅጉ የሚወስነውም በስኳሩ ቦታ የሚተካው ምግብ ነው። በሌላ በኩል ክብደት መቀነስ ጨርሶ የማይገባቸው፣ ከቀነሱም ፈጥነው መመርመር ያለባቸው ሰዎች አሉ።

የመጀመሪያው ሳምንት የሚቀንሰው ምንድን ነው?

በአርሶ አደር ቤት እህል በሁለት ቦታ ይቀመጥ ነበር፤ ለዕለት ፍጆታ የሚሆነው በጎተራ፣ ለክፉ ቀን የሚሆነው በጉድጓድ። የሰው ሰውነትም ኃይልን የሚያከማችበት ሥርዓት ከዚህ ጋር ይመሳሰላል። ከእንጀራ፣ ከዳቦ፣ ከድንችና ከስኳር የሚገኘው ግሉኮስ ወዲያው የማያስፈልግ ሲሆን ግላይኮጅን ወደተባለ ንጥረ ነገር ተለውጦ በጉበትና በጡንቻ ውስጥ ይቀመጣል። ይህ ጎተራው ነው። በጤናማ ጎልማሳ ጉበት ውስጥ ወደ 100 ግራም፣ በጡንቻዎች ውስጥ ደግሞ ወደ 400 ግራም ይገኛል። ከዚህ የተረፈው ኃይል ወደ ስብ ተለውጦ ለረጅም ጊዜ ይከማቻል። ይህ ጉድጓዱ ነው።

ግላይኮጅን ብቻውን አይቀመጥም። አንዱ ግራም ሦስት ግራም ያህል ውኃ ይዞ ይቆያል። ስለዚህ አንድ ሰው ጣፋጩን ብቻ ሳይሆን ዳቦውንና እንጀራውንም በአንድ ጊዜ አጥብቆ ሲቀንስ ጎተራው መጉደል ይጀምራል፤ የተያዘውም ውኃ አብሮ ይለቀቃል። ከጎተራው 300 ግራም ቢጎድል 900 ግራም ውኃ አብሮት ስለሚሄድ ሚዛኑ ከአንድ ኪሎ ግራም በላይ ቀንሶ ያሳያል። ከስብ ጉድጓዱ ግን የተነካው ጥቂት ነው።

ሁለተኛው ምክንያት ጨው ነው። በደም ውስጥ ያለው ስኳር ሲጨምር ቆሽት ኢንሱሊን የተባለውን ሆርሞን ያመነጫል። ኢንሱሊን ከሌላ ሥራው በተጨማሪ ኩላሊት ጨው ይዞ እንዲያቆይ ያደርጋል። ስኳርና ስታርች ሲቀንሱ የኢንሱሊን መጠን ዝቅ ይላል፤ ኩላሊትም ተጨማሪ ጨውና ውኃ በሽንት ያስወጣል። በመጀመሪያዎቹ ቀናት የሽንት መመላለስ፣ ራስ ምታትና ድካም የሚሰማቸው ሰዎች የሚኖሩትም በከፊል በዚህ ምክንያት ነው።

ሦስተኛው በሆድና በአንጀት ውስጥ ያለው ምግብ ነው። ይህንን ከብት የሚያደልቡ ሰዎች በሚገባ ያውቁታል። ሳይበላና ሳይጠጣ አንድ ቀን የተጓዘ በሬ ከቁም ክብደቱ ከመቶ አምስት እጅና ከዚያም በላይ ሊያጣ ይችላል፤ 300 ኪሎ ግራም የሚመዝነው በሬ 15 ኪሎ ግራም አጣ ማለት ነው። ሥጋው ግን አልሄደም። ማረፊያው ደርሶ ሲበላና ሲጠጣ ከጎደለው ብዙው ይመለሳል። ሰውም ማዕዱን ሲቀንስ በሆዱ የሚያድረው ምግብ ስለሚያንስ ሚዛኑ ይቀልለታል።

በሻይና በቡና የሚጨምረውን ስኳር ብቻ ትቶ እንጀራውን እንደ ወትሮው የሚበላ ሰው ደግሞ ይህን ፈጣን ለውጥ ላያይ ይችላል። ጎተራው ከእንጀራው መሞላቱን ስለሚቀጥል ውኃው አይለቀቅም። ይህ ግን ስኳር ማቆሙ አልሠራም ማለት አይደለም። ለእርሱ ለውጡ የሚመጣው ከስብ በመሆኑ ቀስ ብሎ ነው የሚታየው።

የማንኪያው ስሌት

በኢትዮጵያ የመጀመሪያው የስኳር ፋብሪካ በወንጂ ማምረት የጀመረው በ1946 ዓ.ም ነው። ከዚያ በፊት በገጠሩ ቤት ዋነኛው ጣፋጭ ማር ነበር፤ ቡናም በጨው ይጠጣ ነበር፤ ዛሬም በብዙ አካባቢ በጨው ይጠጣል። አሁን ግን ስኳር የሌለበት ሻይ ለእንግዳ ማቅረብ እንደ ንፉግነት የሚቆጠርበት ቤት ብዙ ነው። በአንድ ብርጭቆ ሦስትና አራት ማንኪያ መጨመርም የተለመደ ሆኗል።

አንድ ለጥ ያለ የሻይ ማንኪያ ስኳር አራት ግራም ያህል ይመዝናል፤ የተቆለለ ከሆነ ከዚህ ይበልጣል። እያንዳንዱ ግራም አራት ኪሎ ካሎሪ ኃይል ይሰጣል። በቀን አራት ብርጭቆ ሻይ በሦስት ሦስት ማንኪያ የሚጠጣ ሰው 12 ማንኪያ፣ ማለትም 48 ግራም ስኳር ይወስዳል። ይህም 192 ኪሎ ካሎሪ ነው። በዚያ ላይ 300 ሚሊ ሊትር የሚይዝ አንድ ጠርሙስ ለስላሳ መጠጥ ቢጨምር ወደ 30 ግራም የሚጠጋ ወይም ከዚያ ትንሽ የሚበልጥ ስኳር ይታከልበታል። ድምሩ ወደ 80 ግራም፣ ኃይሉም ከ300 ኪሎ ካሎሪ በላይ ይደርሳል።

የዓለም ጤና ድርጅት እ.አ.አ በ2015 ባወጣው መመሪያ፣ ሰው በቀን ከሚያገኘው ኃይል ከስኳር የሚመጣው ከ10 በመቶ በታች እንዲሆን ይመክራል። በቀን 2 ሺህ ኪሎ ካሎሪ ለሚያስፈልገው ሰው ይህ 50 ግራም፣ በግምት 12 ማንኪያ ነው። ከ5 በመቶ በታች፣ ማለትም ወደ ስድስት ማንኪያ ዝቅ ቢል ደግሞ የበለጠ ጥቅም ሊኖረው እንደሚችል መመሪያው ያመለክታል። ይህ መጠን ሰው በእጁ የሚጨምረውን ብቻ አይመለከትም። በፋብሪካ በምግብና በመጠጥ ውስጥ የሚገባውን ስኳር፣ ማርንና የፍራፍሬ ጭማቂን ጭምር ያካትታል። ሙሉ ፍራፍሬና ወተት በውስጣቸው የያዙት የተፈጥሮ ስኳር ግን በዚህ አይቆጠርም።

አንድ ኪሎ ግራም የሰውነት ስብ ወደ 7 ሺህ 700 ኪሎ ካሎሪ ይይዛል ተብሎ ይሰላል። የሻዩን 12 ማንኪያ ሙሉ በሙሉ ያቆመና ሌላ ምንም ያልለወጠ ሰው በወር 5 ሺህ 760 ኪሎ ካሎሪ ይቀንሳል። ይህ በወረቀት ላይ 750 ግራም ገደማ ስብ ነው። ለስላሳውንም ጨምሮ ቢያቆም ስሌቱ ከአንድ ኪሎ ግራም ጥቂት ያልፋል። በተግባር ግን ከዚህም ሊያንስ ይችላል፤ ሰውነት ሲቀል የሚያስፈልገው ኃይል ይቀንሳል፤ ረኃብም ሰውን ሌላ ነገር ያስቆርሰዋል። እንግዲህ በመጀመሪያው ሳምንት የታየው የሁለት ኪሎ ግራም ለውጥ በየሳምንቱ ይደገማል ብሎ መጠበቅ ከስሌቱ ጋር አይስማማም።

በስኳሩ ቦታ ምን ገባ?

በኒውዚላንድ የኦታጎ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች በዓለም ጤና ድርጅት ጥያቄ ቀደም ሲል የተደረጉ ሙከራዎችን ሰብስበው መርምረዋል። ውጤቱም እ.አ.አ በ2013 በእንግሊዝ የሕክምና መጽሔት ታትሟል። የምግባቸውን መጠን ራሳቸው እየወሰኑ ስኳር እንዲቀንሱ የተደረጉ ጎልማሶች በአማካይ 0.8 ኪሎ ግራም ቀንሰው ተገኝተዋል፤ ስኳር እንዲጨምሩ የተደረጉት ደግሞ በተቀራራቢ መጠን ከብደዋል።

የዚሁ ጥናት ሌላው ግኝት ትምህርቱ የበለጠ ነው። ስኳሩ ወጥቶ በቦታው እኩል ኃይል የሚሰጥ ሌላ ስታርች ሲተካ በክብደት ላይ ለውጥ አልታየም። ስለዚህ ስኳር ሰውን የሚያከብደው በዋናነት የሚበላውን ጠቅላላ ኃይል ሳይታወቅ ስለሚያሳድግ ነው። የዚህ ትርጉም በወጥ ቤት ውስጥ ግልጽ ነው። ስኳሩን ያቆመ ሰው ከሰዓት ሲርበው 100 ግራም ዳቦ ቢጨምር 250 ኪሎ ካሎሪ ገደማ መልሶ ወሰደ ማለት ነው፤ ከሻዩ ያተረፈው በአንድ ቁራሽ አለቀ። አንድ የሾርባ ማንኪያ ዘይትም ብቻውን 120 ኪሎ ካሎሪ ያህል አለው። በጾም ወቅት ወተትና ቅቤ ሲቀሩ ዘይቱ፣ ቦምቦሊኖውና ጣፋጭ ሻዩ የሚበዛበት ቤት አለ። በረመዳን የአፍጥር ማዕድም ሳምቡሳውና ጣፋጭ መጠጡ የቀኑን ጾም ሊያካክስ ይችላል። ጾም በመሆኑ ብቻ ክብደት ይቀንሳል ማለት አይቻልም።

ብዙዎች የሚሳሳቱት በማር ነው። ስኳር ትቶ ሻዩን በማር የሚያጣፍጥ፣ ወይም በለስላሳ ፋንታ ብርዝ የሚጠጣ ሰው ስኳር ያቆመ ይመስለዋል። ማር ጣዕሙም ክብሩም የተለየ ነው፤ ሆኖም ከአምስቱ አራት እጅ የሚሆነው ስኳር፣ የቀረው አብዛኛው ውኃ ነው። ሰውነትም እንደ ስኳር ይቆጥረዋል። በከተሞች በብርጭቆ የሚሸጠው የፍራፍሬ ጭማቂም ሽሮፕ ሲጨመርበት ከለስላሳ የማይተናነስበት ጊዜ አለ።

ከፋብሪካ የሚወጡ ስኳር አልባ ማጣፈጫዎችን በተመለከተ የዓለም ጤና ድርጅት እ.አ.አ በ2023 ባወጣው መመሪያ ክብደትን ለመቆጣጠር ሲባል እንዲወሰዱ አይመክርም። ለረጅም ጊዜ በክብደት ላይ የሚያመጡት ጥቅም አልተረጋገጠም።

የሚጠጣ ስኳር ለምን ይለያል?

በከብት ማድለብ ሥራ የስኳር ፋብሪካ ተረፈ ምርት የሆነው ሞላሰስ ሁለት አገልግሎት አለው። አንደኛው ኃይል መስጠቱ ነው፤ ሁለተኛው ጣዕም የሌለውን ጭድ ማጣፈጡ። በውኃ ተበጥብጦ ሲረጭበት በሬው ያልወደደውን ጭድ አብዝቶ ይበላል። የበሬ ሆድ ከሰው ሆድ በእጅጉ ይለያል፤ የሚበላውን አስቀድመው የሚያብላሉ ረቂቅ ሕዋሳት አሉት። ጣፋጭነት ብዙ እንዲበላ ማድረጉ ግን በሰውም ይታያል። ደረቅ ዳቦ በጣፋጭ ሻይ ሲወርድ ከታሰበው በላይ ይበላል።

የሚጠጣ ስኳር ሌላም ጠባይ አለው፤ አያጠግብም። በአሜሪካ የፐርዱ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች እ.አ.አ በ2000 ባሳተሙት አነስተኛ ሙከራ 15 ሰዎች ለአራት ሳምንታት በየቀኑ 450 ኪሎ ካሎሪ በለስላሳ መጠጥ፣ ለሌላ አራት ሳምንታት ደግሞ ያንኑ ያህል በከረሜላ እንዲወስዱ ተደርጓል። ከረሜላውን ሲበሉ ሳይታወቃቸው ከሌላው ምግባቸው ቀንሰው አካክሰዋል። ለስላሳውን ሲጠጡ ግን ከማዕዳቸው አልቀነሱም፤ ክብደታቸውም ጨምሯል። የተሳታፊዎቹ ቁጥር ጥቂት ቢሆንም የሙከራው መልእክት ከሌሎች ጥናቶች ጋር ይስማማል። ስለዚህ ሁሉንም በአንድ ቀን መተው የከበደው ሰው ከሚጠጣው ስኳር ቢጀምር ብዙ ያተርፋል።

ሚዛኑ ሲቆም

በሦስተኛው ወይም በአራተኛው ሳምንት የሚዛኑ ቁጥር ባለበት የሚቆምበት ምክንያት አሁን ግልጽ ይሆናል። የሚወጣው ውኃ ወጥቶ አልቋል። ከዚያ በኋላ የሚቀንሰው ስብ በሳምንት ከ200 ግራም ላይበልጥ ይችላል። የሰው ክብደት ግን በአንድ ቀን ውስጥ ብቻ በአንድ ኪሎ ግራምና ከዚያም በላይ ይወርዳል፤ ይወጣል። ጨው የበዛበት ወጥ፣ የሰርግ ግብዣ፣ የሆድ ድርቀት፣ በሴቶችም የወር አበባ ወቅት ውኃን በሰውነት ያቆያሉ። የ200 ግራሙ እውነተኛ ለውጥ በዚህ ውጣ ውረድ ውስጥ ይሰወራል። ግማሽ ኪሎ ጨምሮ የታየውም አብዛኛውን ጊዜ የተመለሰ ውኃ ነው። ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል የሚለው አባባል እዚህ ላይ ይሠራል።

መፍትሔው የሚመዘኑበትን ሥርዓት ማስተካከል ነው። በሳምንት አንድ ቀን፣ ጠዋት ከሽንት በኋላ፣ ምንም ሳይቀመስ፣ በአንድ ሚዛንና በተመሳሳይ ልብስ መመዘን፤ ቁጥሩንም መጻፍ። ፍርዱ የሚሰጠው ከአንድ ወር ያላነሰ ጊዜ የተጻፈውን ተመልክቶ ነው።

ሚዛን በሌለበት አካባቢ ደግሞ የልብስ ሰፊ ሜትር ከሚዛን የማይተናነስ አገልግሎት ይሰጣል። የእንስሳት ባለሙያዎች ሚዛን በማይገኝበት ስፍራ የበሬን ደረት ዙሪያ ለክተው የቁም ክብደቱን እንደሚገምቱት ሁሉ፣ የሰው ወገብ ዙሪያም በሆድ ዕቃ ዙሪያ ስለተከማቸው ስብ ይናገራል። ልኬቱ የሚወሰደው ከታችኛው የጎድን አጥንትና ከዳሌ አጥንት አናት መካከል፣ ትንፋሽ ወጥቶ ሲያበቃ ነው። በወንድ ከ94፣ በሴት ከ80 ሴንቲ ሜትር በላይ የሆነ ወገብ ለልብና ለስኳር ሕመም የመጋለጥ ዕድል መጨመሩን ያመለክታል። ነፍሰ ጡር ሴት በዚህ ልኬት አትመዘንም። ሚዛኑ ቆሞ ወገቡ እየጠበበ ከሆነ ሥራው እየተሠራ ነው።

ጥቅሙም ሁሉ በሚዛን አይታይም። በእንግሊዝ ስኳር በራሽን ይከፋፈል የነበረው በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ወቅትና ከዚያም በኋላ እስከ እ.አ.አ 1953 ድረስ ነበር። በራሽኑ ዘመን የተፀነሱና የመጀመሪያ ዕድሜያቸውን ያሳለፉ ሰዎች ከዚያ በኋላ ከተፀነሱት ጋር ተነጻጽረው እ.አ.አ በ2024 በታተመ ጥናት፣ በጎልማሳነታቸው በዓይነት 2 የስኳር ሕመም የመያዝ ዕድላቸው በ35 በመቶ፣ በደም ግፊት የመያዝ ዕድላቸው ደግሞ በ20 በመቶ ዝቅ ብሎ ተገኝቷል። ለነፍሰ ጡር እናቶችና ለሕፃናት ጣፋጭ መቀነስ የሚጠቅመው ገና ክብደት ሳይነሣ ነው።

ክብደት መቀነስ ለማይገባቸው

ስኳር አቁሙ የሚለው ምክር ለሁሉም በአንድ መጠን አይነገርም። በክረምት እርሻ ላይ የሚውል፣ ሰውነቱ የቀጠነ፣ ጎተራው የጎደለ አርሶ አደር ከጣፋጭ ሻዩ የሚያገኘው ኃይል የቀኑ ድርሻ አካል ነው። ምትክ ሳይኖረው ቢያቆም የሚቀልጠው ስብ ሳይሆን ጡንቻው ሊሆን ይችላል። እንዲህ ያለ ሰው ስኳሩን ቢተው እንኳ በቦታው በሶ፣ ቆሎ፣ ሽሮ፣ ወተት ወይም እንቁላል መተካት ይኖርበታል። የሚያጠቡ እናቶችም እንዲሁ ናቸው። ለሕፃናት ጣፋጭ መከልከል ተገቢ ሲሆን፣ ዕድገታቸው እንዳይጓደል ግን ገንፎው በወተት፣ በጥራጥሬና በለውዝ መዳበር አለበት።

ከሁሉ የበለጠ ጥንቃቄ የሚያሻው ያለ ምክንያት የሚቀንስ ክብደት ነው። በአማርኛ የስኳር ሕመም የሚለው ስም ሕመሙ ስኳር በሚበሉ ወፍራም ሰዎች ላይ ብቻ የሚመጣ አስመስሎታል። የገጠሩ እውነታ ግን ከዚህ ይለያል። በጎንደር አካባቢ በተደረገና እ.አ.አ በ2009 በታተመ ጥናት፣ ኢንሱሊን የሚያስፈልጋቸው የገጠር ሕመምተኞች በብዛት ወንዶች፣ ድሆችና ሰውነታቸው የቀጨጨ ሆነው ተገኝተዋል። እ.አ.አ በ2025 ዓለም አቀፉ የስኳር ሕመም ፌዴሬሽን ከምግብ እጥረት ጋር የተያያዘውን የስኳር ሕመም ዓይነት 5 በሚል መጠሪያ ዕውቅና ሰጥቶታል።

ስለዚህ ስኳር በማቆም ላይ ያለም ሆነ የሌለ ሰው እየበላ ከሳ፣ ውኃ ጥሙ ከበረታ፣ ሌሊት ደጋግሞ ለሽንት ከተነሣ፣ ዓይኑም ከደበዘዘ ነገሩን ለስኳር ማቆሙ ወይም ለሥራ ብዛት መስጠት የለበትም። ፈጥኖ ወደ ጤና ጣቢያ መሄድና የደም ስኳሩን ማስለካት ይገባዋል። በተለይ ማስታወክ፣ የሆድ ሕመምና ፈጣን አተነፋፈስ ከተጨመሩ ለነገ የሚባል ጉዳይ አይደለም።

ኢንሱሊን ወይም የደም ስኳር የሚቀንስ እንክብል የሚወስድ ሕመምተኛ ሌላ አደጋ አለበት። የመድኃኒቱ መጠን የታዘዘለት በነበረው አመጋገብ ልክ ነው። ሐኪሙን ሳያማክር ስኳርንና እህልን በአንድ ጊዜ ቢያቋርጥ የደም ስኳሩ ከሚገባው በታች ሊወርድ ይችላል። ላብ ማጥመቅ፣ መንቀጥቀጥ፣ የልብ ምት መፍጠን፣ ብርቱ ረኃብና ግራ መጋባት ምልክቶቹ ናቸው። በዚህ ጊዜ ስኳር መድኃኒት ይሆናል፤ 15 ግራም፣ ማለትም ከሦስት እስከ አራት ማንኪያ በውኃ በጥብጦ መጠጣትና ከ15 ደቂቃ በኋላ ካልተሻለ መድገም ያስፈልጋል። ራሱን ለሳተ ሰው ግን ወደ ሳንባው ሊገባ ስለሚችል በአፉ ምንም አይጨመርም፤ በአስቸኳይ ወደ ሕክምና ይወሰዳል። ስኳር ያቆመ ሕመምተኛም ቢሆን ከቤት ሲወጣ በኪሱ ከረሜላ መያዝ ይኖርበታል።

እንዴት ይጀመር?

ምላስ የለመደውን በአንድ ቀን አይረሳም፤ ቀስ እያለ ግን ይለምዳል። ለሦስት ወራት ስኳር የቀነሱ ሰዎች ቀድሞ መጠነኛ ይመስላቸው የነበረው ጣፋጭ በሁለተኛውና በሦስተኛው ወር በዝቶ እንደሚሰማቸው በሙከራ ታይቷል። ሦስት ማንኪያ የለመደ ሰው ለሁለት ሳምንት ሁለት፣ ቀጥሎ አንድ፣ ከዚያም ግማሽ እያለ ቢወርድ በአንድ ጊዜ ከማቋረጥ ይልቅ የሚጸናለት ይሆናል። ሻዩን በቅርንፉድ፣ በቀረፋ፣ በዝንጅብል ወይም በጤና አዳም ማሽተት የጣፋጩን ጉድለት ይሸፍናል። ቡናን በጨው መጠጣት የአባቶች ልማድ ቢሆንም የደም ግፊት ላለበት ሰው አይመከርም፤ ለእርሱ ባዶውን ቢለምደው ይሻላል።

በቤት ውስጥ ስኳሩ በሻይ ማፍያው ውስጥ ተጨምሮ የሚቀርብ ከሆነ ማንም መጠኑን መምረጥ አይችልም። ስኳሩን ለብቻ በዕቃ አቅርቦ እያንዳንዱ እንዲጨምር ማድረግ ትንሽ የምትመስል፣ ግን ለቤተሰቡ ሁሉ የምትጠቅም ለውጥ ናት። እንግዳን «ስንት ይሁን?» ብሎ መጠየቅም ንፉግነት ሊሆን አይችልም።

ከወር በኋላ ሚዛኑ አንድ ኪሎ ግራም እንኳ ባያሳይ ለማመሳከር የሚሆን ሌላ ምልክት አለ። ቀበቶው በአንድ ቀዳዳ ገብቶ እንደሆነ፣ ዳገቱ ያነሰ የሚያደክም እንደሆነ፣ በገበያ ቀን የሚጠጣው ለስላሳ የማይናፍቅ እንደሆነ ይታይ። የከብት ነጋዴው ሆድ ከማየት ይልቅ ወገብ እንደሚዳስሰው ሁሉ፣ ስኳር ያቆመም ሰው ውጤቱን በአንድ ጠዋት ቁጥር ሳይሆን በእነዚህ መለካት ይችላል።